ስለ ካፌይንና ስለ ሌሊት ሥራ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ከሥራ ደኅንነት ርእሶች ውስጥ አንዱን መርጬ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ ራስ ቁርና ስለ መወጣጫ መሰላል እናገራለሁ ብለው የጠበቁ እንደነበሩ አልጠፋኝም። እኔ ግን የመረጥሁት በየሥራ ቦታችን በቀን ሦስት ጊዜ እየታጠበ፣ እየተቆላና እየተወቀጠ የሚቀርበውን፣ ነገር ግን እስከ ዛሬ በእጄ በገባ የሥራ ደኅንነት መመሪያ ሁሉ ስሙ ተጠቅሶ ያላየሁትን ነገር ነው። ይኸውም በቡና፣ በሻይና በአንዳንድ ለስላሳ መጠጦች ውስጥ የሚገኘው ካፌይን ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ነኝ። ስለዚህ የምናገረው መሐንዲስ በሚያውቀው መንገድ፣ ማለትም በመለካትና በማስላት ሲሆን፣ መነሻዬም የራሴ ስሕተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደቡብ ወሎ፣ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከውጫሌ ብዙም በማይርቅ ስፍራ በሚሠራ አነስተኛ ድልድይ ላይ የሥራ ቦታ መሐንዲስ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ውጫሌ ከደሴ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ስለሆነች፣ የጭነት መኪና ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ አይቋረጥባትም። እኛም ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ሳይሞላ የዳርና ዳር ቋሚዎቹን ጨርሰን ለመውጣት ስንጣደፍ፣ ቀን ፌሮ እያሰርን ሌሊት ኮንክሪት እንሞላ ነበር። ቡና የሚያፈሉልን ጠና ያሉ የአካባቢው ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ረከቦታቸው ከሲሚንቶ መጋዘኑ አጠገብ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበር። ጠዋት፣ ቀትርና ከቀትር በኋላ ያፈላሉ፤ የኮንክሪት ሌሊት በሆነ ጊዜ ደግሞ ማታ አራተኛ ጀበና ይጣዳል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ተቀምጦ ይጠጣል፤ በረካው ሲቀዳ ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጠው ይመርቃል፤ ሁላችንም አሜን እንላለን። ወሎን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

በሦስተኛው የኮንክሪት ሌሊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የቋሚውን ራስ ከፍታ በሌቭል መሣሪያ እወስን ነበር። በሁለቱ ቀዳሚ ሌሊቶች የተኛሁት ተደምሮ ስድስት ሰዓት አይሞላም። በስሌቱ መሠረት በስታፉ ላይ መነበብ የነበረበት 1.432 ሜትር ሲሆን፣ እኔ ወደ ማስታወሻ ደብተሬ የገለበጥሁት 1.342 ነበር። ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋወጡ። የንባቡ ቁጥር ሲያንስ ከፍታው ስለሚጨምር፣ የፎርምወርኩ ሣንቃ ከሚገባው ዘጠኝ ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ታሰረ፤ ኮንክሪቱም እስከዚያው ድረስ ተሞላ። ነገሩን ያወቀው ጠዋት ከመነሻ ነጥቡ ተነሥቶ እንደገና የለካው ረዳት ቀያሻችን ነው። ወጣት ነው፤ ሌሊቱን ተኝቶ ያደረውም እርሱ ብቻ ነበር።

ዘጠኝ ሴንቲሜትር ጎድሎ ቢሆን ኖሮ በተጨማሪ ኮንክሪት ይሞላ ነበር። ስለ ተረፈ ግን መስበር ግድ ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ በጃክሃመር ሲሰበር፣ ከቀን ሠራተኞቹ አንዱን የድንጋይ ፍንጣሪ ከግራ ዓይኑ ሥር መታው። በጤና ጣቢያ አራት ስፌት ተሰፋለት። ዓይኑ አልተነካም፤ ነገር ግን ከዓይኑ የቀረው ርቀት የአንድ ጣት ስፋት አይሆንም ነበር። ለመሥሪያ ቤቴ በጻፍሁት ሪፖርት «የስሕተቱ ምክንያት፦ የአኃዝ መዘዋወር» አልሁ። ሪፖርቱም ያለ ጥያቄ ታለፈ። ስንት ሰዓት ተኝተህ ነበር ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን አልጠየቅሁም፤ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት ድካም አልተሰማኝም ነበር። እንዲያውም በጣም ንቁ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ «መስሎኝ ነበር» ስለሚለው ቃል ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ውጫሌ በትንሽ የጽሑፍ ልዩነት የሚመጣውን መዘዝ ከማንም በላይ የምታውቅ ስፍራ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል በአሥራ ሰባተኛው አንቀጹ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ነገሩን ግዴታ አድርጎ በማስቀመጡ የተነሣው ክርክር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ። የእኔ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ሆኖም ጠዋት ጠዋት በከተማዪቱ ሳልፍ ይህ ነገር ትዝ እያለኝ አፍር ነበር።)

ካፌይን ምንድን ነው? በኬሚስቶች አነጋገር ስምንት የካርቦን፣ ዐሥር የሃይድሮጅን፣ አራት የናይትሮጅንና ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ያሉት፣ ነጭና መራራ ውሁድ ነው። ተክሉ የሚሠራው ለእኛ ደስታ ሳይሆን ቅጠሉንና ፍሬውን ከሚበሉ ነፍሳት ራሱን ለመከላከል ነው። ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንገ በ1819 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፍሬውን ሰጥቶ እንዲመረምረው ያነሣሣው ታላቁ ባለቅኔ ጎተ ነበር። ከሻይ የተገኘውን ንጥረ ነገር ሌላ ነገር መስሏቸው «ቴይን» ብለው ሰይመውት ከቆዩ በኋላ፣ በ1838 እ.ኤ.አ. ሁለቱ አንድ መሆናቸው ታወቀ። ስለዚህ «ቡና ትቻለሁ፣ ሻይ ብቻ ነው የምጠጣው» የሚል ባልደረባ መጠኑን ቀነሰ እንጂ ዕቃውን አልለወጠም።

አሠራሩን ለመረዳት ስለ ሌላ ውሁድ መናገር ያስፈልጋል፤ ስሙ አዴኖሲን ይባላል። አንጎላችን ነቅቶ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ኃይል ያቃጥላል፤ ከዚህም የተነሣ አዴኖሲን ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። በነርቭ ሕዋሳት ላይ ባሉ ተቀባዮች ላይ ሲያርፍ የሕዋሳቱን ሥራ ያቀዘቅዛል፤ እኛም «እንቅልፌ መጣ» እንላለን። ተኝተን ስንነሣ መጠኑ ወርዶ ይገኛል። የካፌይን ቅርጽ ከአዴኖሲን ቅርጽ ጋር ስለሚመሳሰል በእነዚያ ተቀባዮች ላይ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ሥራቸውን አያሠራቸውም። በቁልፉ ቀዳዳ ገብቶ የማይዞር፣ ሌላውም ቁልፍ እንዳይገባ የሚከለክል ቁልፍ ማለት ነው። አዴኖሲኑ ግን ከበር ውጭ መጠራቀሙን አያቆምም።

እዚህ ላይ ነው መሐንዲስ ሊያስብበት የሚገባው። የሞተር ሙቀት መለኪያ ቀዩን መስመር ሲነካ መኪናውን የሚያቆም ሾፌር አለ፤ በመለኪያው ላይ ጨርቅ ጥሎ የሚነዳም አለ። ካፌይን ሞተሩን አያቀዘቅዝም፤ ጨርቁ ነው። ድካምን አያስወግድም፤ ድካም መኖሩን የሚነግረንን ምልክት ይሸፍናል እንጂ። ይህን ስል ፈጽሞ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ነቅቶ ለመጠበቅ፣ ለድንገተኛ ነገር ፈጥኖ ምላሽ ለመስጠት በእርግጥ ይረዳል። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ልዩነቱን በሚገባ ያሳያል። ሌሊቱን ያልተኙ ሰዎች 200 ሚሊግራም ካፌይን ሲሰጣቸው፣ ትኩረትን ብቻ በሚጠይቀው ቀላል ሥራ ላይ ተሻሻሉ፤ ተራ ጠብቆ፣ የት እንደ ደረሱ እያስታወሱ በቅደም ተከተል መሥራትን በሚጠይቀው ሥራ ላይ ግን አብዛኞቹ እንደ ደከሙ ቀሩ። ስሌት ሠርቶ፣ ውጤቱን በቃል ይዞ፣ ወደ ደብተር መገልበጥ ከሁለተኛው ወገን ነው። ይህን ጽሑፍ ባነበብሁ ጊዜ 1.342 ፊቴ ላይ ተደቀነ።

የነቃሁ የሚመስለኝ የነበረው ምን ያህል ካፌይን ይዤ ነው? ለማወቅ ቀላል ነበር። ከሥራ ቦታችን የአፈር ላቦራቶሪ ሚዛን ነበረን፤ እትዬን አስፈቅጄ ለአንድ ጀበና የሚቆሉትን ጥሬ ቡና መዘንሁ። 54 ግራም ሆነ። የጥሬ ቡናን እርጥበት 11 በመቶ ብንይዝ 48 ግራም ያህል ደረቅ ፍሬ ይቀራል። የእኛ አገር ቡና ዐረቢካ ነው፤ ካፌይኑም በደረቅ ክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ሮቡስታ የሚባለው ዓይነት ግን ሁለት በመቶ ያልፋል። ስለዚህ በጀበናው ውስጥ 577 ሚሊግራም ያህል ገብቷል ማለት ነው። መቁላት ከዚህ የሚያጎድለው ጥቂት ነው። ስድስት ሆነን ሦስቱንም ስንጠጣ ለአንድ ሰው 96 ይደርሳል፤ ከአተላው ጋር የሚቀረውን አንሥተን 85 እንበል። በኮንክሪት ቀን አራት ጀበና፣ 340። ሁለት ብርጭቆ ሻይ፣ እያንዳንዱ 40 ያህል፣ 80። ከሱቅ የተገዛ አንድ ኮላ፣ 35። ድምሩ 455 ሚሊግራም ይሆናል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ለጤነኛ ዐዋቂ ሰው ሥጋት አያስከትልም ያለው በቀን እስከ 400፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ሚሊግራም ነው። «ሲኒ ትንሽ ነው፣ ምን አለው» የምንለው ሁላችንም ሲኒውን እንጂ ጀበናውን አልቆጠርንም።

ይህን ስሌት ስሠራ ያገኘሁት ሌላ ነገር ከጠበቅሁት በላይ ጠቀመኝ። ካፌይን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንኳ በአንድ ሊትር 20 ግራም ያህል ይሟሟል፤ በሚፈላ ውኃ ደግሞ ከ600 ግራም በላይ። ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ የውኃ መፍያ ሙቀት በግምት አንድ ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ በደጋው የእኛ ጀበና የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ ደሴ ላይ 92 ያህል ይሆናል። ያም ቢሆን ግማሽ ግራም ለምትሆን ካፌይን ከበቂ በላይ ነው። እንግዲህ የሚሟሟው ነገር እንዲህ ቀላል ከሆነ፣ አብዛኛው በአቦሉ ይወጣል፤ ቶናው የተረፈውን ይወስዳል፤ ለበረካው የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን በረካውን ለልጆችም ይፈቅዱ የነበረው ይህን በምላሳቸው ዐውቀውት ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

የቀረው ጉዳይ ጊዜ ነው። ጉበት ካፌይንን የሚያስወግደው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ በጤነኛ ሰው የጠጣነው በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከሰው ሰው በብዙ ይለያያል፤ በነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ እጅግ ይረዝማል። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ 100 ሚሊግራም የጠጣ ሰው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ 50፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ 25 ይዞ ተኝቷል ማለት ነው። በአሜሪካ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 400 ሚሊግራም ከመኝታ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ ቢወሰድ እንኳ ከእንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያጎድል አሳይቷል። ጠጪው ግን መጉደሉን ብዙም አያውቀውም። በማግሥቱ ደክሞት ይነሣል፤ ለድካሙም ቡና ይጠጣል። በዚህ ዓይነት የሚሽከረከር ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳንዶቻችን በየጠዋቱ በመስታወት እናየዋለን።

ራስ ምታቱንም ላንሣ። ዘወትር የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ፣ ካፌይን አጥብቧቸው የነበሩት የአንጎል የደም ሥሮች ስለሚሰፉ፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፣ መነጫነጭና መፍዘዝ ይጀምረዋል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆየው ክርስቲያንም፣ በረመዳን እስከ መግሪብ የሚጠብቀው ሙስሊምም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግንባሩን ሲያሽ ረኃብ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ቡና ነው። በጾሙ መግቢያ ሰሞን ከባድ ማንሻ የሚያንቀሳቅስ ሰው ያለው ፎርማን ይህን ቢያውቅ መልካም ነው፤ መድኃኒቱም ከጾሙ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ሲኒን በየቀኑ መቀነስ ነው።

ስለ ጫት የጠየቁኝ ነበሩ። በአጭሩ፣ ጫት ካፌይን የለበትም፤ በለጋ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ወደ አምፌታሚን የሚቀርብ ሌላ ነገር ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ የሚደክመውም ካቲኖኑ ስለሚለወጥ ነው። ሌሊት የሚነዱ ሾፌሮች ሁለቱን ደርበው ሲወስዱ በውጫሌ መንገድ ዳር አይቻለሁ። ያ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል።

ከአድማጮች መካከል «ይህ ሰው ቡናን ሊነሣን ነው» ብሎ የሠጋ ካለ አይሥጋ። ውሉ ውጫሌ ላይ በተፈረመበት ዘመን ቡና በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ የሙስሊሞች መጠጥ ነው እየተባለ ይሸሽ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በመጠጣታቸው፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ በመድከማቸው ነው በደጋው ክርስቲያን ቤት የተስፋፋው። በዚህ ዓይነት ትግል የተገኘን ነገር በአንድ ንግግር ለማስቀረት የምነሣ አይደለሁም። ካፌይን የሌለው ቡና እንጠጣ የምትሉም ትኖሩ ይሆናል፤ ከአገራችን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሰበሰበ ዘር ከበቀሉ ዛፎች መካከል ካፌይን አልባ የሚባሉ ሦስት ዛፎች ብራዚል ውስጥ መገኘታቸው በ2004 እ.ኤ.አ. ተነግሮ ነበር። የዘሩ ባለቤት ማን ነው የሚለው ክርክር ያኔ ብዙ አነጋግሯል። ለእትዬ ይህን ስነግራቸው «እንግዲያማ ምኑን ቡና ሆነው?» አሉኝ።

ከድልድዩ በኋላ ያደረግነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያሰብሁት የማታውን ጀበና ማስቀረት ነበር። እትዬ ፊታቸውን አዙረው፣ «ልጄ፣ በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው ምርቃቱን ጥሎ ነው የሚሄደው፤ እኔ ያልተመረቀ ሰው ወደ ሥራ አልሰድም» አሉ። ፎርማኑም፣ ሠራተኞቹም በእርሳቸው ወገን ቆሙ። ያን ጊዜ ያ የማሟሟት ስሌት ትዝ አለኝ። ስለዚህ የማታው ጀበና ሳይቀር እንዲጣድ፣ አቦሉና ቶናው ለሌሊት ተረኞች እንዲቀዳ፣ ሌሊቱን የሚተኙት ደግሞ በረካው ሲደርስ መጥተው ጠጥተው፣ ተመርቀው እንዲሄዱ ተስማማን። እትዬ በዚህ ደስ አላቸው።

ለተረኞቹም ሁለተኛ ነገር ጨመርን። ሬይነርና ሆርን የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ እንቅልፍ የተጫነው ሾፌር ካፌይን ወስዶ ወዲያው ሩብ ሰዓት ላልሞላ ጊዜ ቢያሸልብ፣ አንዱን ብቻ ከሚያደርገው ይበልጥ ይነቃል፤ ካፌይኑ ወደ አንጎል እስኪደርስ ድረስ ያችን ጊዜ እንቅልፉ ይጠቀምባታል። በሲሚንቶ መጋዘኑ ጥግ ሁለት ፍራሽ አስነጠፍን። ሠራተኛ በሥራ ሰዓት አስተኛህ ተብዬ ከአለቃዬ ዘንድ የተጠራሁበት ቀን አለ፤ የሁለቱን ቀን የጃክሃመር ሥራ ሒሳብ ይዤ ስለ ሄድሁ ግን ንግግሩ አጭር ነበር።

ሦስተኛው ከካፌይን ጋር አይገናኝም፤ ሆኖም ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ዳውሰንና ሬይድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው በሥራ ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለው ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ጠጥቶ የመጣን ቀያሽ ሌቭል አናስይዘውም። ስለዚህ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ የሚነበብ ማንኛውም የከፍታ ቁጥር በሁለተኛ ሰው፣ ያውም ተኝቶ በተነሣ ሰው፣ ጮክ ተብሎ ተነብቦ ካልተመሳከረ ኮንክሪት እንዳይሞላ አዘዝን። ያን ሥራ የምንሰጠው ለዚያ ወጣት ረዳት ቀያሽ ነበር። ሁለተኛው ቋሚ የተሞላበት ሌሊት ከመኝታው አስነሥቼው ስታፉን አንብቦ ቁጥሩን ሲጠራልኝ፣ ከደብተሬ ጋር አስተያይቼ ልክ ነው አልሁት። እርሱ ግን አላመነኝም፤ ደብተሩን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ አየ።

የዓይኑ ሥር የተሰፋው ሠራተኛ እስከ ሥራው ፍጻሜ ከእኛ ጋር ቆየ። ጠባሳው ይታያል።

በመርሐ ግብሩ እንደማየው ከዚህ ንግግር ቀጥሎ የቡና ዕረፍት ነው፤ ሰዓቱም ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው ልንነጋገር እንችላለን።